ድፍረትን በይሉኝታ የቀየርኩ ሰሞን

ሰኞ

ዛሬ የሥነ ሕንፃ ስቱዲዮ መምህራችን ቢጫ የግንባታ ቆቡን ገልብጦ ይዞ በየጠረጴዛው ዞረ። ቆቡ ውስጥ የተጠቀለሉ ብጣሽ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል። የደረሰንን ቃል ከክንድ በማይበልጥ ሞዴል መሥራት አለብን። ጽሑፍ አይፈቀድም። የሰው ምስል አይፈቀድም። ልብ፣ ቀስት፣ እርግብ፣ ሰንሰለት አይፈቀድም። «ቤት ነው የምትሠሩት» አለ። «አውራ ጣት የሚያክል ሰው ገብቶበት ሲወጣ፣ ማንም ሳይነግረው ቃሉ እንዲገባው።»

ለእኔ የደረሰኝ «ድፍረት» ነበር። ወረቀቱን ገና ስፈታው ታየኝ፤ መደገፊያ የሌለው ደረጃ፣ ወጥቶ ወጥቶ አየር ላይ የሚያልቅ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዕጣ ደርሶኝ አያውቅም።

ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ የራሱን ፈትቶ አየና ፊቱ ጠቆረ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ በደብተሬ ላይ ቦታ አልሰጠውም። ንግግሩን ሁሉ «እባክሽ» ብሎ ስለሚጀምር እባክሽ ብዬዋለሁ። «እባክሽ እንቀያየር» አለኝ። «እኔ ይሄን እንኳን ልሠራው፣ ከየት እንደሚጀመርም አይገባኝም።» ወረቀቱ ላይ «ይሉኝታ» ይላል።

ቀየርኩለት።

ተገድጄ አይደለም። ልጁ ጨንቆት ነበር፣ ሰውም እያየን ነበር፣ እምቢ ብል ደግሞ ስስታም ናት መባሉ አይቀርም። በዚያ ላይ እኔ ከባድ ነገር እወዳለሁ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ይሄ ከነገሩ ጋር ግንኙነት የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሌላ ቦታ ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው። ባለፈው ሥራ ቃሌ «ሚዛን» ነበር። ገምጋሚዎቹ ፊት ቆሜ ስለ ሚዛን ሳስረዳ ሞዴሌ ወደ ግራ ዘመም አለና ወደቀ። እኔም ወደቅኩ። መምህሩ ለብቻዬ ጠርቶ «የሚቀጥለው ካልተሳካልሽ ሌላ የትምህርት ክፍል ብትሞክሪ ይሻላል» ብሎኛል። እናቴ ይሄን አልሰማችም። እሷ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ መሐንዲስ ናት» ብላ ጨርሳለች። ስብርባሪውን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከትቼዋለሁ። ሆድ ይፍጀው።

ማክሰኞ

ቃሉን አገላብጬ አየሁት። «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው። ማን ነው የሚለኝ? ምንድን ነው የሚለኝ? ገና ያልተነገረ ነገር ነው፤ ገና አፉን ያልከፈተ ሰው ነው። እንግዲህ ለዚህ ግድግዳ የሚቆመው የት ጋ ነው?

እናቴን ጠየቅኳት። «እማ፣ ይሉኝታ ማለት ምንድን ነው?»

የምታጥፈውን አንሶላ አስቀመጠች። «ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። የትምህርት ነው።»

«ይሄንን ነው ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ? እኛ ሳናስተምርሽ የላክንሽ መስሏቸው ነው?» አለችና እስከ እራት አኮረፈች።

የምሠራው እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ነው። የእኔን ክፍል ጋሼ ይዘውታል። ጋሼ የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ለሁለት ቀን ብለው መጡ። ጥርሱ ከወጣ ሰነበተ፤ እሳቸው ግን አልወጡም። ሳሎን እንዳይተኙ ደግሞ ሳሎኑ ለእንግዳ ነው፤ ይቆለፋል። «ጋሼ እንግዳ አይደሉም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ምን ነካሽ! እሳቸውማ ቤተሰብ ናቸው» አለች እናቴ፤ ያውም ጋሼ እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

ሐሙስ

መምህራችንን ተማሪው ሁሉ በቅጽል ስሙ «እና» ነው የሚለው። ሞዴልህን ያያል፣ ዞሮ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ከዚያ «እና?» ይላል። ሌላ አይጨምርም። መናገር ያለብህ አንተ ነህ፤ በተናገርክ ቁጥርም ሞዴልህ ዓይንህ እያየ ይሞታል።

ዛሬ ተራዬ ነበር። አራት ግድግዳ ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ላይ ትናንሽ መስኮቶች፣ ሁሉም ወደ ውስጥ የሚያዩ። ጠርዙ ተቦጫጭቋል፤ መቁረጫ ቢላዬ እባክሽ ጋ ስለሆነ በሽንኩርት ቢላ ነው የቆረጥኩት።

«እና?» አለ።

«ሰው ሁሉ ያየኛል ማለት ነው።»

«እና?»

«ስለዚህ... እፈራለሁ።»

«እሱ ፍርሃት ነው። ፍርሃት የደረሰው ሌላ ተማሪ አለ።»

እውነቱን ነው፣ አለ። ከኋላ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ እንደ ሌባ ሲያየኝ ዋለ።

ወደ ቤት ስመለስ የላይ ቤቷ ሴትዮ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። «ውይ ሲያምር! የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው? መስኮቱ አየር እንዲያስገባ ነው አይደል?» አለችኝ። አይ፣ ይሉኝታ ነው አልላት ነገር። ሰጠኋት።

ዓርብ

ችኮላ ላይ ነኝ። ሙጫዬ አልቋል፤ እባክሽ «አንድ ጠብታ» ብሎ ነበር። ማስመሪያዬም እሱ ጋ ነው። ዝናብ። ካርቶኔ ረጥቦ አብጧል። ደረቁ ነጭ ካርቶን ክፍሌ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። በሩ ድረስ ሄድኩ። ጋሼ ጋደም ብለው ሬዲዮ ይሰማሉ። ልረብሻቸው አልፈለግኩም። ክፍሉ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ።

ቅዳሜ

የሰው ወሬ አልሰማም። ግን ቤታችን ጠባብ ነው፤ ጆሮም ክዳን የለውም።

ጠዋት ጋሼ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ያወሩ ነበር። «ኧረ ቤቴ ናፍቆኛል! ድመቴንስ ማን እያበላት ይሆን? ግን እንዴት ብዬ ልውጣ? የወንድሜ ሚስት ናት። ‹ምን አጎድዬባቸው ነው› ብላ ታዝንብኛለች። እስቲ እሷ ትንሽ ፍንጭ እንኳ ብትሰጠኝ...»

ከሰዓት ደግሞ እናቴ ደረጃው ላይ ለላይ ቤቷ ሴትዮ ስታንሾካሹክ፣ «እኔ ቢኖሩ ደስታዬ ነው። ግን ልጅቷ አልጋ ላይ ተደፍታ ነው የምትሠራው። እንዴት ብዬ ይሂዱ እላለሁ? ‹ወንድሜ ሲሞት ጊዜ አባረረችኝ› ይሉኛል። እስቲ እሳቸው ትንሽ እንኳ አንሥተው ቢያወሩኝ...»

መሃል ገብቼ መናገር እችል ነበር። ግን እኔ ምን አገባኝ? ደግሞ ሰምቻለሁ ብል ጆሮ ጠቢ መባሌ ነው።

እራት ላይ አንድ ዳቦ ተረፈ። እናቴ ለጋሼ፣ ጋሼ ለእኔ፣ እኔ ለእናቴ ስንገፋፋ ቆየንና ሁላችንም ጠግበናል ብለን ተነሣን።

ይልቅ ስለ ቃሌ ላስብ። ስንት ቀን ዓይኔን አፍጥጬ ስፈልግ፣ እስካሁን ምንም ነገር አልመጣልኝም። ሌላ ሰው ቢሆን በዙሪያው የሚያየው ነገር ይኖር ነበር።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ሞዴልም ሞተ። ረጅም ኮሪደር ነበር፤ ጣሪያው እየወረደ እየወረደ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሳያጎነብሱ የማይገባበት በር ያለው።

«እና?»

«ሰው ጎንበስ ይላል።»

«እሱ ትሕትና ነው» አለ። ከዚያ ከልማዱ ውጪ ተጨማሪ ነገር ተናገረ። «አንቺ ራስሽን ይሉኝታ ይዞሽ ያውቃል? ከዚያ ብትጀምሪ።»

«እኔን?» አልኩ። «በፍጹም! እኔ ይሉኝታ ቢስ ነኝ።»

ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። ልል የፈለግኩት ሌላ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት ንግግር ሆነ። የባሰው ደግሞ ይሄን ስናገር በሁለት እጄ የእባክሽን ደረጃ ደግፌ ነበር። «እባክሽ፣ ሙጫው እስኪደርቅ አንዴ ያዥልኝ» ብሎኝ ሻይ ሊጠጣ ከወጣ ቆይቷል።

ደረጃው ያው ደረጃዬ ነው፤ መደገፊያ የሌለው፣ አየር ላይ የሚያልቀው። «እባክሽ፣ ድፍረት ሲደርስሽ ምን ታየሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል?

የመጨረሻው ግምገማ የፊታችን ሰኞ ነው። ቤተሰብ ይጋበዛል ተብሎ የጥሪ ካርድ ተሰጠን። ካርዱን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እናቴ መጥታ «ሌላ የትምህርት ክፍል» የሚለውን በጆሮዋ ከምትሰማ ብትቀር ይሻላል።

ረቡዕ

እናቴ ሸሚዜን አጠበችው። የረጠበውን ካርድ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅላዋለች። «ካርዱ ኪስሽ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ረስቼው ነው አልኩ። ትንሽ አየችኝና ካርዱን እንዲደርቅ ገለበጠችው።

ጋሼም ይመጣሉ። ሱሪያቸውን እየተኮሱ ነው።

ሐሙስ

ምንም የለም። ባዶ ካርቶን ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። እባክሽ ደረጃውን ነጭ ቀለም ቀብቶታል። ያምራል። አንጀቴ ቅጥል አለ። «ጎበዝ» አልኩት።

ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጽፈው ይገባል።

የእናቴ ክፍል መስኮት ዝናብ አስገብቶ አልጋው ረጠበ። የምሠራበት ቦታ አጣሁ። ሳሎኑን ክፈችልኝ ብዬ ለመንኳት። «ሳሎን? ሙጫ ይዘሽ? እንግዳ ቢመጣስ?» አለችና ገበያ ወጣች። ጋሼ ሻወር ገቡ። ቁልፉን ወጥ ቤት ካለው ሚስማር ላይ አወረድኩና ገባሁ።

ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ መስኮት መኖሩን ረስቼው ነበር። ብርሃኑ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ሶፋዎቹ ከሱቅ የመጡበት ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልወለቀም። ደፍሮ የሚቀመጥባቸው አባቴ ብቻ ነበር። ሲቀመጥ ፕላስቲኩ ይጮሃል፤ እናቴም ከወጥ ቤት «ማነው?» ትላለች። ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች፤ ማን ሊሆን ኖሯል? እሱም «እንግዳ ነኝ» እያለ ያስቃት ነበር። ከሞተ ወዲህ ያንን የፕላስቲክ ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

ሶፋው ላይ አልተቀመጥኩም። ምንጣፉን ገለጥ አድርጌ ጋዜጣ አነጠፍኩና ጋዜጣው ላይ ተቀመጥኩ።

ካርቶን መቁረጥ ከመጀመሬ የውጭው በር ተንኳኳ፤ ቁልፍ ደግሞ ዞረ። እናቴና የላይ ቤቷ ሴትዮ እኩል ደርሰዋል። የሳሎኑን በር ገርበብ አድርጌ እስትንፋሴን ዋጥኩ።

«ግቢ እንጂ!» ትላለች እናቴ።

«አልገባም፣ ቆሜ ነው።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ሳሎኑን ልክፈትልሽ፣ አረፍ በይ!»

«አይ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው። ለደቂቃ ነው የመጣሁት። ሳህንሽን ልመልስ ብዬ ነው።»

ደቂቃዋ አላልቅ አለች። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራች። ቆማ! እናቴ የገበያውን ዘንቢል ከቀኝ እጇ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወረች ሰማቻት። ጋሼ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከሻወር ወጡ፤ ኮሪደሩ ተይዟል። «ይለፉ ጋሼ» አሏቸው። «አይ፣ እናንተ ጨርሱ» ብለው ከግድግዳው ተለጥፈው ቆሙ፤ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ። ሦስት ሰው፣ አንድ ዘንቢልና አንድ ሳህን አንድ ሰው በጎኑ በሚያልፍበት ኮሪደር ውስጥ ታጭቀው እግር ይቀያይራሉ።

በተገረበበው በር እነሱን አየሁ። ዞሬ ሳሎኑን አየሁ። ከቤቱ ግማሽ የሚሆን ክፍል፣ ብርሃን ሞልቶበት፣ ሶፋው ተደርድሮ፣ ማንም የለበትም። እኛ ለእንግዳ ብለን አንገባም። እንግዳው ለእኛ ብሎ አይገባም።

ወይ ጉዴ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ውስጡ ኖሬ!

ማስመሪያ ስለሌለኝ ክፍሉን በክንዴ መለካት ጀመርኩ። እናቴ በሩን ስትከፍተው ግድግዳ ታቅፌ አገኘችኝ። ጩኸቱን አልጽፈውም።

እሑድ

ነጩን ካርቶን አወጣሁ። ይቅርታ ብዬ፣ በሩን አንኳኩቼ፣ ግን አወጣሁት። ጋሼ «ግቢ ልጄ፣ ክፍልሽ አይደል?» አሉኝ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ቢላውስ? ለዚህ ሥራ ንጹሕ ጠርዝ ያስፈልጋል። ለእባክሽ ስልክ ደወልኩና «ቢላዬን ዛሬውኑ አምጣልኝ» አልኩ። እባክህ አላልኩም።

በዝናብ ውስጥ ይዞት መጣ፤ ቢላውን፣ ማስመሪያውን፣ ግማሽ ሙጫ ጭምር። «ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ! ሌላ ያለሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እናቴ «ግባ ልጄ» ስትለው «አይ፣ አልገባም፣ ቆሜ ነው» አለ። ሹራቡ ውኃ ያንጠባጥባል። ልስቅ ስል አፌን ያዝኩ።

ሞዴሉ እንዲህ ነው። መሃል ላይ ትልቅ ነጭ ክፍል፣ ሙሉ መስኮት ያለው። በሩ ሰፊና ክፍት ነው፤ መዝጊያ እንኳ የለውም። የቀሩት ክፍሎች ሁሉ ዙሪያውን ተጣብቀው፣ ተጨናንቀው፣ ለትልቁ ክፍል ቦታ ሲሉ ጎናቸውን ሰብስበዋል። ከዚያ ወለሉን በእርሳስ ዱቄት አቆሸሽኩት፤ ሰው በተመላለሰበት ሁሉ። ኮሪደሩ ጠቆረ። የነጩ ክፍል ደጃፍ ከሁሉ ይበልጥ ጠቆረ፣ ሰው የሚቆመው እዚያ ነውና። ነጩ ክፍል ውስጥ ግን አንድ የጣት አሻራ የለም።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ይሄን በማለቴ ጉራ እንዳይመስልብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጨንቆኛል። ነገ እናቴ ትመጣለች። የገዛ ቤቷን በሰው ፊት ዘርግቼ «ይሄ ክፍል ይቆለፋል፣ እኛ ኮሪደር ላይ ነው የምንኖረው» ልል ነው? ምን ትባላለች? በበሩ ፋንታ ግድግዳ ብለጥፍና «ሰላም» ነው ብልስ? ሰላም የሚለው ቃል ለማንም አልደረሰም።

ሰኞ

ያለቀው አለቀ። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

እባክሽ ከእኔ በፊት አቀረበ። ነጩ ደረጃ አየር ላይ ቆሟል፤ ገምጋሚዎቹ ወደዱት። መነጽር ያደረገችው ገምጋሚ «ሐሳቡ ከየት መጣልህ?» አለችው። አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና አለ። «የእሷ ነው» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። «ድፍረትም የደረሳት ለእሷ ነበር፤ እኔ ነኝ ለምኜ የወሰድኩት።» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ። እንዲህ ብሎ ያጋልጠኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

በዚህ ላይ ተራዬ ደረሰ።

እናቴ ከኋላ ቆማለች፣ የክት ልብሷን ለብሳ። ጋሼ ከጎኗ፣ የተኮሱትን ሱሪ። ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መምህሩ አየ። ዞሮ አየ። ጎንበስ ብሎ አየ።

«እና?»

ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ሁሉ አለ፤ ምላሴ ላይ ነው። ግን እናቴ እያየችኝ እንዴት ብዬ?

«እና?» አለ ደግሞ።

ነጥብ ሲጻፍበት የነበረው እስክሪብቶ ሲቀመጥ ሰማሁት። ሌላ የትምህርት ክፍል፣ አልኩ በልቤ። ከሌላው ሁሉ ሂሳብ ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ ማንም እናቱን አይጋብዝም።

«ውይ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ቤታችን!»

እናቴ ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች። ሰው ስትገፋ አይቻት አላውቅም። መነጽር ያደረገችው ገምጋሚ በእርሳሷ ነጩን ክፍል አሳየቻት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳሎን ነዋ!»

«ለምንድን ነው ማንም ያልረገጠው?»

«ለእንግዳ ነው።»

«እንግዳ አይመጣም?»

«ኧረ ይመጣል! እግሩ መቼ ያርፋል? አይገባም እንጂ።»

«ለምን አይገባም?»

እናቴ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ምን ይሉኛል ብሎ ነዋ» አሉ ጋሼ። የተነቀለው ጥርስ ባለበት ቀዳዳ እያፏጩ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አንዷ ጠባብ ክፍል ላይ አደረጉ። «እኔ ያለሁት እዚህ ነው። የልጅቷን ክፍል ይዤ። ልውጣ ብል ምን ትለኛለች እያልኩ።»

«እኔስ!» አለች እናቴ። «ይሂዱ ብል ምን ይሉኛል እያልኩ አይደል እንዴ!»

ተያዩ። ሁለቱም ክው አሉ። እናቴ ወዲያው «ይሂዱ ማለቴ ግን አይደለም እኮ!» አለች፤ ጋሼም «ኧረ እኔም ልሂድ አላልኩም!» አሉ። ስቱዲዮው እንደገና በሳቅ ፈረሰ፤ በዚህኛው እኔም አብሬ ሳቅኩ።

መምህሩ «እ—» ብሎ ጀመረና ተወው። ሞዴሉን ረጅም ጊዜ አየ። «ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም» አለ። «አልፈሻል። እውነቱን ለመናገር ከ‹ሚዛን› በኋላ እዚህ ትደርሻለሽ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።»

ደነገጥኩ። እናቴን አየኋት።

«አውቃለሁ» አለች። «አልጋውን ሳነጥፍ ፌስታሉን አግኝቼዋለሁ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ። አንቺስ?»

«እንዳታፍሪ ብዬ።»

«እኔ በጥርስ ሳሙና ላጣብቀው ሞክሬ ነበር» አሉ ጋሼ። «ቀጥ ብሎ አልቆም አለኝ እንጂ።»

ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አለቀስኩ። ምን ይሉኛል ማለት ትዝ ያለኝ አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ትናንት ሞዴሉን ይዘን በአውቶቡስ ተመለስን። እናቴ ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈችው። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጋሼ ከኋላ «ቀስ በል አንተ፣ ቤት ጭነናል!» እያሉ ጮኹበት።

እናቴ ሞዴሉን የት እንዳስቀመጠችው! ሳሎን፣ የእንግዳው ጠረጴዛ ላይ። ፕላስቲክ አልብሳ። ከዚያ በሩን ቆለፈች።

ዛሬ ከሰዓት የላይ ቤቷ ሴትዮ ወሬ ሰምታ ወረደች። እናቴ በሩን ከፈተችላት። «ግቢና እዪ!»

«አልገባም፣ ቆሜ ልየው።»

«ኧረ ግቢ!»

«ጫማዬ...»

ሁለቱ ደጃፉ ላይ፣ ጋሼ ከኋላቸው፣ አንገታቸውን አስግገው ከሩቅ ያዩታል። እኔም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ሞዴሉ ውስጥ በእርሳስ ያጠቆርኩት ቦታ ላይ እንደቆምን አየሁ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ በመሃላቸው አልፌ ገባሁና ሶፋው ላይ ዘጭ አልኩ።

ፕላስቲኩ ጮኸ።

«ማነው?» አለች እናቴ። እያየችኝ! አፏን በእጇ ያዘች።

«እንግዳ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነው፤ ፕላስቲኩ ግን ለእሷም ጮኸ። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጋሼ የአባቴ ቦታ የነበረውን ጥግ አዩና ወደ እናቴ ዞሩ። ራሷን ነቀነቀችላቸው። ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ፤ መስኮቱን፣ ብርሃኑን።

«ጥሩ ሳሎን ነው» አሉ። «እንግዲህ እኔም ነገ ጠዋት ልሂድ መሰለኝ። ድመቴም አለች።»

«ምነው! ገና አሁን ተቀምጠው!» አልናቸው ሁላችንም በአንድ ድምፅ። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። የሚገርመው፣ ከልቤ ነበር።

«እሺ» አሉ ጋሼ። «እስከ ሐሙስ።»